የሰዓዳ ቀይ ክር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሌላውን ሁሉ እዘረዝር ነበር፤ ሰው ማማቴን፣ በጾም ረስቼ ወተት መቅመሴን፣ በሰንበት እንዝርት መያዜን። እሳቸውም መስቀላቸውን እንደያዙ "የቀረ አለ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። የቀረው ይህ ነበር። ባለፈው ክረምት አረፉ፤ ሳይሰሙት ሄዱ። አሁን የምናገረው ይህን ለምታነቡልኝ ለእናንተ ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ጽሕፈቴ ደካማ ነው። አጎቴ ዲያቆን ስለነበር ፊደል አስቆጥሮኝ ነበር፤ ንባብ ላይ እንደደረስኩ ተዳርኩ። ልጄ ትሁን ከኔ ትሻላለች፤ እጇ ያምራል። እሷን ግን ጻፊልኝ ልላት አልችልም። ለምን እንደማልችል በኋላ ታዩታላችሁ።

የሠራሁትን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ እየዞርኩ እንዳላመልጥ እፈራለሁ። እኔ ይመኙሻል የጎረቤቴን የዘሃራን ልጅ ሰዓዳን ገደልኳት። በጩቤ አይደለም፤ በመርዝም አይደለም። ከአንድ ብልቃጥ አንገት ክር ፈትቼ በሌላ ብልቃጥ አንገት ላይ አሰርኩ። ይኸው ነው። ክር ፈታሁ፣ ክር አሰርኩ።

ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት የምንኖረው ጉና ተራራ ግርጌ ነበር። እዚያ አንድ ክረምት ተስቦ ገባና ባሌንና የበኩር ልጄን ወሰደብኝ። ትሁን ያኔ ገና ሕፃን ነበረች፤ እሷም ታመመች። ጸጉሯ ረገፈ፣ አንገቷ እንደ ሸምበቆ ቀጠነ፤ ግን ተነሳች። ተስቦ የገባበትን ቤት ሰው ይሸሸዋል፤ ውሃ እንኳ አያቀብለውም። ስለዚህ ልጄን አዝዬ ደብረ ታቦር ስወርድ ለጠየቀኝ ሁሉ "ባሌ ከበቅሎ ወድቆ ሞተ" አልኩ። የበኩር ልጄንም ሞት ደበቅሁ። ውሸቴ እየቆየ እንደ እውነት ሆነ። ትሁን ራሷ እስከ ዛሬ አባቷ ከበቅሎ የወደቀ ይመስላታል።

ደብረ ታቦር ገበያው ጫፍ ላይ አንዲት ጎጆ አገኘሁ። ጎረቤቴ ዘሃራ ነበረች፤ አጥራችን አንድ ነው። ባሏ ነጋዴ ነው፣ እስላሞች ናቸው። እሷ ለጥለት የሚሆን ባለቀለም ክር ትሸጣለች። እኔ እፈትልላታለሁ፣ እሷ ቀለም ትነክራለች። የእነሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛንም እነሱ አይበሉም፤ ስለዚህ በእኛ በዓልም በእነሱ በዓልም አንዳችን ለአንዳችን ማርና ዳቦ እናስቀምጥ ነበር። ዘሃራ ልጆች አሏት፤ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሦስተኛዋ ሰዓዳ ከትሁን እኩያ ናት። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሲጫወቱ፣ በአንድ ጀርባ ሲታዘሉ አደጉ።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ ሐኪም ቤት ከፈተ። እኔም ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከሐኪም ቤቱ ጓሮ አንድ ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ሐኪሙ ላቦራቶሪ ይላታል፣ እኛ ሠራተኞቹ የደም ቤት እንላት ነበር። ሐኪሙ ቀጭን ሰው ነበር፤ ብዙ አይናገርም። የሚያናግረን በአስተርጓሚው በአቶ ተክሌ በኩል ነው። አቶ ተክሌ ሽበታም የሐማሴን ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ወሬ ይወዳሉ።

የደም ቤቱን ሥራ መናገር አለብኝ፤ ኃጢአቴ በዚያ ውስጥ ነውና። ሐኪሙ ከሰው ክንድ ደም ይቀዳል፤ እንዳይረጋ ጨው ጨው የሚል ውሃ ይጨምርበታል። ከዚያ በእጅ በሚሽከረከር መዘውር ያዞረዋል። ሲቆም ቀዩ ታች ይወርዳል፣ ላዩ ላይ ብጫ ውሃ ይንሳፈፋል፣ በሁለቱ መካከል እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳ ነጭ ነገር ይቀራል። ሐኪሙ የሚፈልገው ያን ስልባቦት ነበር። በቀጭን የመስታወት ቀሰም ስቦ ያወጣውና ከዚያው ሰው ብጫ ውሃ ጋር በትንሽ ብልቃጥ ይቀላቅለዋል። በላዩ ላይ የተስቦን ዘር ይጨምራል፤ ተቀቅሎ የሞተ ነው። ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቆየዋል። ውሃው የሰው ገላ ያህል መሞቅ አለበት፤ ከቀዘቀዘ ነጩ ይሞታል፣ ከፈላም ይሞታል። ከሰሉን የምጠብቀው፣ ውሃውን የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አቶ ተክሌ ጠሩኝ።

"እመት ይመኙ፣ ነይ እስቲ እዪ።"

በማጉያ መነጽሩ አጎንብሼ አየሁ። ሐምራዊ የተነከሩ ክብ ክብ ነገሮች አየሁ፤ በሆዳቸው ጥቃቅን ነጠብጣብ አለ፤ ጤፍ የሞላበት የዶሮ ሆድ ይመስላል።

"ትልልቆቹ የደም ወታደሮች ናቸው" አሉኝ። "ጥቃቅኖቹ የተስቦ ዘር ናቸው። ውጠዋቸዋል።"

"ዘሩ ሞቷል ብላችሁኝ የለ እንዴ? የሞተውን ነው የሚበሉት?"

"ደሙ መሞቱን በምን ያውቃል? ጠላቱ የመጣ ይመስለዋል።"

"ሞኝ ነዋ።"

"ሞኝስ አይደለም። አንዴ ተስቦ ታሞ የዳነ ሰው ደም ያውቀዋል፣ ይሻማበታል። ያልታመመ ሰው ደም ግን እንደ እንግዳ ቆሞ ያየዋል። ሐኪሙ በሆዳቸው ያለውን ቆጥሮ ማን ጠንካራ፣ ማን ደካማ እንደሆነ ያውቃል።"

ይህን የሰማሁት እኔ ነኝ። ሰምቼ የተረዳሁት እኔ ነኝ። በኋላ "አላወቅሁም ነበር" እንዳልል ነው ይህን የምጽፈው።

ሐኪሙ ብልቃጦቹ ላይ በሰም እርሳስ ቁጥር ይጽፋል፤ በእንፋሎቱ ይለቃል። አንድ ቀን ተደበላልቆበት ተቆጣ። እኔ ነኝ መላ ያመጣሁት። የዘሃራን ክሮች አመጣሁና በየብልቃጡ አንገት ላይ የተለያየ ቀለም አሰርኩ። ክርስትና ላይ ማተብ እንደሚታሰር አድርጌ ቋጠርኩት፤ በውሃም በእንፋሎትም አይፈታም። ያንኑ ቀለም በባለ ደሙ አንጓ ላይ እናስራለን። ሐኪሙ ደስ አለው፤ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እኔም ተኩራራሁ። በዚያች በተኩራራሁባት ክር ነው ሰው የገደልኩት።

በዚያ ዓመት ተስቦ ደብረ ታቦር ገባ። ሐኪሙ ከከተማው ወጣ ብሎ በጋፋት በኩል የቆርቆሮ ቤቶች አሠራና ታማሚውን እዚያ አስገባ። የሴቶቹን ቤት የሚያስታምም ጠፋ፤ ወንድ ወደ ሚስቶቻቸው እንዳይገባ ባሎች አስቸገሩ። አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም ደከሙ። ሐኪሙ ለጭቃ ሹሙ ነገረና ከገበያው ሰፈር ልጃገረዶች ተጠሩ። ደማቸው ይታያል፣ ተስቦን የሚበላ ደም ያላት ተመርጣ ትገባለች፤ እሷን በሽታው አይነካትም ተባለ።

ትሁንም ተጠራች። ሰዓዳም ተጠራች።

እስቲ ልቤን እዩልኝ። በዚያ ዘመን ጠንካራ የተባለ ነገር ሁሉ ይወሰድ ነበር። ጠንካራ በቅሎ ጥይት ሊጭን ይወሰዳል። ጠንካራ ጎረምሳ ለመንገድ ሥራ ይወሰዳል፣ የት እንደገባ አይታወቅም። የሰባ በሬ ለወታደር ይታረዳል። እኛም እናቶች ድሮውንም ልጃችንን በሰው ፊት አናሞግስም፤ ዓይን እንዳይበላት "ይቺ ከሲታ" እያልን ነው የምንጠራት። ጣሊያን ከመጣ ደግሞ ባሰብን። ሹም በበሩ ሲያልፍ "ልጄ ሳል አለባት፣ ዕቃ አታነሳም" እንላለን። ደካማ የተባለ ይተርፋል። እኔ የማውቀው ይህን ነበር። "ጠንካራ ደም" ሲሉ የሰማሁት "ይህቺን ወስደናታል" የሚል ነው። የሐኪሙ ጥንካሬ ጋሻ መሆኑ አልገባኝም። ወይስ ገብቶኝ አላመንኩትም? ከባሌና ከልጄ ሬሳ ሌላ ስለ ተስቦ ምን አውቅ ነበር? ያ በሽታ ገብቶ ሰው ያልወሰደበት ቤት አላየሁም። ትሁንን አንዴ ለቆልኛል፤ ሁለተኛ ይለቅልኛል ብዬ በብልቃጥ ላምን ነው?

ልጃገረዶቹ በደም ቤቱ ደጅ ተሰለፉ። ሰዓዳ ስትቀልድ ነበር።

"አቶ ተክሌ፣ ቁርስ ሳልበላ ነው የመጣሁት። ደሜን ሲወስድ ማር ይስጠኝ በሉት ለፈረንጅዎ።"

"ማር የለውም፣ መርፌ ነው ያለው" አሏት።

"እንግዲያው መርፌውን ለትሁን በእጥፍ ያድርግላት። እሷ ወፍራም ናት።"

"ወሬኛ" አለች ትሁን፤ እየሳቀች ክንዷን ዘረጋች።

አቶ ተክሌ እናቶቹን አንድ አንድ ጠየቁ። የዘሃራ ተራ ሲደርስ "በቤቴ አልገባም፣ አልሐምዱሊላህ" አለች፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"እመት ይመኙ፣ ተስቦ በቤትሽ ገብቶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ባልሽ በምን ሞተ?"

"ከበቅሎ ወድቆ።"

ባሌን በዚያች ቀን ሁለተኛ ቀበርኩት።

ለሰዓዳ ቀይ ክር አሰርኩ፤ ቀዩን የመረጠችው ራሷ ናት። ለትሁን ጥቁር። ለሌሎቹም የየራሳቸውን። ደሙ ዞረ፣ ስልባቦቱ ተቀዳ፣ ብልቃጦቹ ለብ ካለው ውሃ ገቡ። ቀኑ እኩለ ቀን ሆኗል፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ውሃው ላይ ታበራለች። ሐኪሙን የሚጠራ ሰው መጣ፤ መኪና ደርሷል፣ ቁስለኛ አለ አሉት። እሱም አቶ ተክሌም ወጡ። "ውሃውን እንዳታስቀዘቅዢ" ብለውኝ ነው የወጡት።

ውሃውን አላስቀዘቀዝኩም። ክርኔን ነክሬ አየሁት፤ ልክ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህንንም ልናዘዝ፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም። የትሁንን ብልቃጥ አነሳሁ፤ ጥቁሩን ክር ፈታሁ። የሰዓዳን ብልቃጥ አነሳሁ፤ ቀዩን ክር ፈታሁ። ቀዩን በልጄ ደም ላይ አሰርኩ። ጥቁሩን በሰዓዳ ደም ላይ አሰርኩ። እንደ ማተብ አጥብቄ ቋጠርኩ። ከዚያ ከሰሉን ቆሰቆስኩ።

ለምን የሰዓዳን? ሌሎችም ብልቃጦች ነበሩ። ስንት ዓመት ይህን ራሴን ጠየቅሁ። አጠገቡ ስለነበረ ነው እላለሁ፤ ውሸት ነው። የሰው ሃይማኖት ልጅ ስለሆነች ይሆን? እንደዚያ አልመሰለኝም፤ ግን በልቤ ሥር ምን እንዳለ እኔም አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፤ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት "ዘሃራ ሌሎች ሴቶች ልጆች አሏት" የሚል ነበር። ልጅ በልጅ የሚተካ መሰለኝ። ስለ እኔ አንዷን ብታጣ የቀሩት የሚበቋት መሰለኝ። አብራኝ ክር የምትገምድ ሴት፣ በጾሜ ወተት አጠገቤ የማታመጣ ሴት፣ እሷን ነው እንዲህ የቆጠርኳት።

ሐኪሙ ተመልሶ በመነጽሩ ሲቆጥር ዋለ። ሳይመሽ አቶ ተክሌ ወጥተው "ባለ ቀይ ክሯ" አሉ። ሰዓዳ እጇን አነሳች።

ዘሃራ ግራ ገባት። "ይቺ መቼ ታማ ታውቃለች?" አለች።

"አንዳንድ ደም ከውልደቱ ጠንካራ ነው ይላል ሐኪሙ" አሉ አቶ ተክሌ። ሐኪሙም ራሱን ነቀነቀ። ሰዓዳ ወደ ትሁን ዞረች።

"ሰማሽ? የኔ ደም በላተኛ ነው። ያንቺ እንደ እናትሽ ይጾማል መሰለኝ።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አፌ ሲስቅ ይታወቀኛል።

ሰዓዳ ጋፋት ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ከቆርቆሮው ቤት አጥር ድረስ ወጥታ ትጠብቀን ነበር። ትሁን ማር ትወስድላታለች። ዘሃራ አልፈራችም፤ ልጇ ደሟ ተመርምሮ የተመረጠች ናትና ኮርታባት ነበር። እኔ አንዴ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አየኋት። ከታማሚዎቹ ጣሳ ውሃ ቀድታ ጠጣች።

"ሰዓዳ፣ በእነሱ ጣሳ አትጠጪ ልጄ። እጅሽንም ታጠቢ።"

"ኧረ እትይ፣ እኔን ምን ይነካኛል? አሮጊቷም እጅሽን ታጠቢ ይሉኛል፣ 'ደሜ ይታጠብልኛል' እላቸዋለሁ።"

"ቢሆንም።"

"እትይ ደግሞ። ከሐኪሙ በላይ ሆኑ?"

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አጥሩ መካከላችን ነበር፣ ሰው አልነበረም። "ሰዓዳ፣ ያ ደም ያንቺ አይደለም" ማለት ብቻ ነው። ከእንዝርት ላይ ክር ከመበጠስ አይከብድም። ምላሴ ላይ መጣ። ብናገር ትሁን ትወሰዳለች፤ እኔም ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ለትንሽ ነገር ሰው ይሰቀል ነበር። ፈራሁ። ማሩን አቀብዬ ተመለስኩ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ፈራሁ። ክሩን ያሰርኩት አንድ ቀን ነው፤ ሳልፈታው የቀረሁት ግን በየቅዳሜው ነው። የቱ ይበልጣል?

ከዚያ ሰዓዳ አጥሩ ጋ ሳትወጣ ቀረች። ራሷን አሟታል አሉ። ሐኪሙ ተስቦ ነው ብሎ አላመነም፤ ደሟን አይቶታልና። ብርድ ነው፣ ንዳድ ነው አለ። የንዳድ መድኃኒት ሰጣት፤ ትንሽ ሲሻላት ተነስታ ስትሠራ ዋለች። ባትመረመር ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ያስተኟት ነበር። ያ የውሸት ክር ሁለት ጊዜ ገደላት፤ አንዴ ሲያስገባት፣ አንዴ ሲያዘናጋት።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የዘሃራ ግቢ ሰው ሞልቶት አገኘሁ። የሰዓዳ ጀናዛ ወጥቷል። ዘሃራ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ስታየኝ እጇን ዘረጋችልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትሁን ደረቷን እየደቃች "ሰዓዳዬ" ትላለች። እኔ አላለቀስኩም። ሰዉ ድንጋጤ ነው አለ።

በሳምንቱ ሐኪሙ በአቶ ተክሌ በኩል አስጠራኝ። ፊቱ ወርዶ ነበር። መጽሐፍ ከፍቶ ይዘጋል፣ ብልቃጦቹን ያነሳል ያስቀምጣል።

"የቱ ጋ እንደተሳሳተ ማወቅ ይፈልጋል" አሉኝ አቶ ተክሌ። "እመት ይመኙ፣ ያን ቀን ውሃው ቀዝቅዞብሽ ነበር?"

እዚህ ጋ ነው፣ እናንተ ሰዎች፣ የክፋቴ ሥር ያለው። ትንሽ ጥፋት ከፊቴ አስቀመጡልኝ። ትልቁን የምሸፍንበት። አነሳሁት።

"አዎ" አልኩ። "ከሰሉ ከድቶኝ ቀዝቅዞ ነበር። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።"

ያኔ ገና እንባዬ መጣ። ያልሠራሁትን ጥፋት እየተናዘዝኩ የሠራሁትን አለቀስኩ። ሐኪሙ ቆሞ አየኝና ራሱን ይዞ ወጣ። ሥራዬን እንኳ አልቀማኝም። የደሙን ምርመራ ግን ተወው፤ በእንዲህ ያለ አገር፣ በከሰል ውሃ፣ የማይሆን ነው አለ። እውነቱን ይናገር የነበረውን ብልቃጥ ውሸታም አስባልኩት።

ከዚያ ወደ ዘሃራ ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ሌላ ሰው ነግሯት እንዳታኮርፈኝ ነው። እግሯ ላይ ወድቄ "ውሃው በእጄ ቀዝቅዞ ነው፣ የልጅሽ ደም የተሳሳተው በኔ ነው" አልኳት። ዘሃራ ጎንበስ አለች። ከዚያ በሁለት እጇ ከመሬት አነሳችኝ።

"ከሰል ነው የከዳሽ፣ አንቺ አይደለሽም" አለችኝ። "አላህ የጻፈውን አንቺ በከሰል ልታጠፊው ነው? ተነሽ። ይቅር ብየሻለሁ፣ ዛሬም ነገም።"

ወሰድኩት። ያን ይቅርታ ወሰድኩት። ዘሃራ፣ ሴቶቹ ሰዓዳን ለቀብር ሲያጥቡ ከአንጓዋ የፈቱትን ቀይ ክር ከመቀነቷ አውጥታ ለትሁን ሰጠቻት። "እህትሽ ነበረች፣ አንቺ ያዢው" አለቻት።

አሁን የሚመጣውን ስጽፍ እጄ ይደክማል። ሐኪሙ ምርመራውን ከተወ በኋላ ለሴቶቹ ቤት ሰው ያለ ምርጫ መውሰድ ጀመሩ። አቶ ተክሌ እየከበዳቸው "ያንቺ ልጅ ትሂድ፣ ሌላ አላገኘንም" አሉኝ። ትሁን ራሷ "የሰዓዳን ቦታ እይዛለሁ" ብላ ሄደች። በሩ ላይ ወድቄ ጮህኩ፤ ሰው ይዞኝ ነው የቀረሁት።

ትሁን እዚያ ከረመች። የታመሙትን አነሳች፣ አጠበች፣ የተኙበትን ቁርበት እያወጣች አናፈሰች። በዚያው ጣሳ ጠጣች። ራሷን እንኳ አላመማትም። በፋሲካ ወፍራ ተመለሰች። ሐኪሙ ተገረመ፤ እኔ ብቻ አልተገረምኩም። ብልቃጡ እውነቱን ተናግሮ ነበር። ክሩን ባልነካው ኖሮ ትሁን ገብታ እንደዚሁ ትመለስ ነበር፤ ሰዓዳም ከእናቷ ጎን ሆና ክር ስትነክር ትውል ነበር። ማንም አይሞትም ነበር። ልጄን ከምንም አላዳንኳትም። ሰዓዳን የገደልኳት በከንቱ ነው። ለልጄ ስል ነው እንዳልል እንኳ ያ በር ተዘጋብኝ።

ጣሊያን ወጣ፣ ሐኪሙም ከእነሱ ጋር ሄደ። ትሁን አገባች። አምና ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ስናስነሳት ትሁን ማተቧን ራሷ ገመደች። ካህኑ ከሕፃኗ አንገት ሲያስሩት አየሁት፤ ከጥቁሩና ከብጫው ጋር የተገመደው ቀዩ የሰዓዳ ክር ነው። ከዘሃራ ጋር ተማክረው ነው። ዘሃራ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ነበር፤ ስንወጣ ሕፃኗን ተቀብላ ያን ክር በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደኔ አየችና "አየሽ ይመኙ፣ ልጄ አልጠፋችም" አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅ ልጄን አላጥባትም። ስታለቅስ አላነሳትም። ትሁን "እናቴ ልጄን አትወድም" እያለች ታኮርፋለች። እንዴት ልንገራት? ባቅፋት ክሩ አገጬን ይነካኛል። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ መቋጠር እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ዘሃራ ዓይኗ ደክሟል፤ ፊደልም አልተማረችም። የሚያነብላት ስትፈልግ የምትጠራው ትሁንን ነው። ይህን ጽፌ ብልክላት ልጄ በገዛ አፏ እናቷ ምን እንዳደረገች ለጓደኛዋ እናት ልታነብ ነው። ያን አላደርግም። ትሁንም በኋላ ትስማው፤ መጀመሪያ መስማት ያለባት ዘሃራ ናት። ስለዚህ እኔው ራሴ፣ በዚህ በተጣመመ ጽሕፈቴ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ አነብላታለሁ። እፈራለሁ። አጥሩን ትዘጋብኛለች፤ ይገባኛል። ትሁን ልጇን ይዛ ከቤቴ ትወጣ ይሆናል፤ ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው፤ ይህን ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። የሰው ልጅ ገድዬ ልጄን አጠገቤ አኖርኩ፤ አሁን ብትሄድብኝ በማን ላይ አማርራለሁ?

እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ አንድ ጊዜ ተሰጥቶኛል፤ ላልሠራሁት ጥፋት ነው የተሰጠኝ፣ እኔም እንደ ሌባ ይዤው ኖርኩ። ደጃፏ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው እሱን መመለስ ነው። ሌላውን ሁሉ ከማንበቤ በፊት ይህን አንድ ቃል እላታለሁ።

ዘሃራ፣ ውሃው አልቀዘቀዘም ነበር።